ቀዩ የት ላይ ነው? ግንደ ቆርቁርን ከአባባ ጋር ፍለጋ

በዚህ ሳምንት ስለ አንድ ዛፍ ወጪ ወፍ እናወራለን። ይህ ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ከመዘመር ይልቅ ግንድ ላይ ተጣብቆ መሥራት ይወዳል። እንደ ሁልጊዜው አዳዲስ ቃላት ሲያጋጥሟችሁ አትደንግጡ። ከባዶቹን ቃላት መጨረሻ ላይ በቀላል አማርኛ አስቀምጫቸዋለሁ።

ከቤታችን ጀርባ

የምንኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከቤታችን ጀርባ አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ አለ። ባለፈው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የ13 ዓመት ልጄ መስኮቱ አጠገብ ቆማ፣ «አባዬ፣ ያ ዛፉን የሚመታው ወፍ በአማርኛ ምን ይባላል?» አለችኝ።

«ግንደ ቆርቁር» አልኳት።

«ግንደ ቆርቆሮ» አለች።

ሳቅ አመለጠኝ። ቆርቆሮ ማለት የቤት ጣሪያ የሚሠራበት ብረት ነው። እኔ የሳቅሁት የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ወፍ በዓይኔ ላይ ስለ መጣብኝ ነበር። እሷ ግን ፊቷን አዞረች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ወፉ ምንም አልጠየቀችኝም።

ይህ ነገር የመጀመሪያው አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት ኢትዮጵያ ሄደን ሳለ አያቷን «አንተ» ብላ ስትጠራቸው የአክስቷ ልጆች ሳቁባት። ክፋት አልነበራቸውም፤ ልጆች ናቸው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ እሑድ እሑድ ሲደውሉ ልጄ «ደህና ነኝ አባባ» ብላ ስልኩን መልሳ ለእኔ ትሰጠኛለች። አባቴም «ምነው ልጅቷ ዝም አለችብኝ?» ይሉኛል። እኔም «ትምህርት በዝቶባት ነው» እያልኩ እሸፋፍናለሁ።

ያን ቅዳሜ ግን እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ እንደ ሆንኩ ገባኝ። ለገና በዓል ወደ አገር ቤት ልንሄድ ትኬት ስንቆርጥ አንድ ነገር አሰብኩ። ልጄ ወፍ ትወዳለች፤ አባቴ ደግሞ ጫካ ይወዳሉ። እስቲ ሦስታችንም አብረን ግንደ ቆርቁር እንፈልግ አልኩ።

ቆረቆረ የሚለው ቃል

ከመሄዳችን በፊት ስለ ቃሉ ትንሽ አጫወትኳት፤ እናንተም ስሙት። ግንድ የዛፉ ወፍራም አካል ነው። ቆረቆረ ማለት ደግሞ በሹል ነገር እየደጋገመ ወጋ ወይም መታ ማለት ነው። ስለዚህ ግንደ ቆርቁር ማለት «ግንድ የሚቆረቁር» ማለት ነው። ስሙ ራሱ የወፉን ሥራ ይነግረናል።

ይህ ግስ ብዙ ቤት አለው። ጫማችሁ ውስጥ ጠጠር ቢገባ «ይቆረቁረኛል» ትላላችሁ። አዲስ ከተማ መመሥረትም «መቆርቆር» ይባላል። ለምሳሌ ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1886) ቆረቆሩ እንላለን። የሌላው ችግር ልቡን የሚነካው ሰው ደግሞ «ተቆርቋሪ» ይባላል። ይህን የመጨረሻውን ቃል ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

12 ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

አባቴ የሚኖሩት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ዕድሜያቸው 78 ሆኗል። ሙሉ ዕድሜያቸውን በአናጢነት ነው የሠሩት። አሁን ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ ስላለ ከሩቅ ያለ ነገር አይታያቸውም፤ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። ጆሯቸው ግን እንደ ወጣት ጆሮ ነው።

ከበዓሉ በኋላ አንድ ማታ «ነገ ጫካ እንሄዳለን፤ 12 ሰዓት ላይ ተነሺ» አልኳት። ልጄ ደስ አላት፤ እስከ ቀትር ልትተኛ ነው። ጠዋት ገና ጨለማው ሳይለቅ ስቀሰቅሳት ስልኳን አየችና «ገና 6 ሰዓት እኮ ነው!» ብላ ጮኸች።

አባቴ ከጓዳ ሆነው «አዎ፣ 12 ሰዓት ነው» አሉ።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ስለዚህ የእናንተ ጠዋት 7 ሰዓት የእኛ 1 ሰዓት ነው፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው። ለወፍ ፈላጊ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። በዚያ ሰዓት ወፎች ርቧቸው ስለሚነሡ ይንቀሳቀሳሉ፣ ድምፅም ያሰማሉ። ቀትር ላይ ብዙዎቹ ጥላ ይፈልጋሉ፤ ጫካውም ጸጥ ይላል።

መናገሻ ሱባ

የሄድነው ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ነው። ጫካው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው በጥር ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጃኬት ሳትይዙ እንዳትሄዱ!

ኢትዮጵያ የምትገኘው በምድር ወገብ አቅራቢያ በሞቃታማው ቀጠና ውስጥ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው ደጋ ጫካ በፊልም እንደምታዩት ያለ ሙቅና እርጥብ ዱር አይደለም። ዛፎቹ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ ኮሶ ናቸው። በታሪክ እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከአንኮበር አካባቢ አስመጥተው እዚህ አስተክለዋል። ዘሩ የመጣበት ጫካ ስሙ «ወፍ ዋሻ» ነው። ልጄ ይህን ስትሰማ «የወፍ ዋሻ?» ብላ ፈገግ አለች። ያን ቀን ጠዋት ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው አማርኛ ይህ ነበር።

መግቢያው ላይ ከፍለን በመኪናው መንገድ በእግር ቀስ እያልን ሄድን። አባቴ ከዘራቸውን ይዘዋል። እኔ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር በአንገቴ አንጠልጥያለሁ። ልጄ ደግሞ ትንሽ ደብተርና እርሳስ ይዛለች። ከላያችን ጉሬዛዎች ረጅም ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላሉ።

በመጀመሪያ ጆሮ

ግንደ ቆርቁርን መፈለግ የሚጀምረው በጆሮ ነው። ሁለት ዓይነት ድምፅ አለ። አንደኛው ምግብ ሲፈልግ የሚያሰማው ነው፦ ቷ… ቷ ቷ… ቷ። ይህ ድምፅ ቀስ ያለና ያልተስተካከለ ነው። ወፉ ይመታል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና ይመታል። ሁለተኛው ከበሮ ነው። በጣም ፈጣንና የተስተካከለ ሲሆን ከአንድ ወይም ከሁለት ሰከንድ በላይ አይቆይም። በከበሮው ወፉ «ይህ ቦታ የእኔ ነው» ይላል፤ የትዳር ጓደኛም ይጠራል። ከበሮ ሲመታ ምግብ እየፈለገ አይደለም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ አባቴ ድንገት ቆሙ። «ስሙ» አሉ።

እኔ ምንም አልሰማሁም። እሳቸው ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ግራ አመለከቱ። «እዚያ፣ ከፍ ብሎ ነው። ደረቅ እንጨት ላይ ነው፤ ውስጡ ነቅዟል።»

እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው። አናጢ እንጨት ሲገዛ በጣቱ ወይም በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል። ጤነኛ እንጨት የደነደነ ድምፅ አለው፤ የነቀዘው ባዶ ባዶ ይላል። ለካ ወፉም እንደዚሁ ነው የሚያደርገው! ቅርፊቱን እየመታ ትል ወይም ጥንዚዛ የሚኖርበትን ቦታ ይፈልጋል።

መነጽሬን ወደ ደረቁ ግንድ አነጣጠርኩ። አንድ ትንሽ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁና ወዲያው ጠፋ። ግንደ ቆርቁር ሰው ሲያይ ብዙውን ጊዜ አይበርም፤ በግንዱ ዙሪያ ተሽከርክሮ ከጀርባ ይደበቃል። እናንተ ወደ ግራ ስትዞሩ እሱ ወደ ቀኝ ይዞራል። እንደ ድብብቆሽ ጨዋታ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ከማሳደድ ይልቅ ሁለት ሰዎች በሁለት በኩል ጸጥ ብለው ቢቆሙ ይሻላል።

ለልጄ መነጽሩን ሰጥቼ «አንቺ ከአባባ ጋር በዚያ በኩል ዙሩ፤ እኔ እዚህ እቆማለሁ» አልኳት። አየችኝ። ከአያቷ ጋር ብቻዋን ልትቀር መሆኑ ገብቷታል። ግን ወፉ በለጠባትና ሄደች።

«እሙዬ፣ ምን ታያለሽ?»

ቀጥሎ የሆነውን የነገርኳችሁ ከዛፉ ማዶ ሆኜ በጆሮዬ እንደ ሰማሁት ነው። እኔ ወፉን አላየሁትም። አባቴም ማየት አይችሉም። ወፉን የምታየው ልጄ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ቃላት ያንሷታል።

አባቴ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሊሄዱ ሲሉ ልጄ በሹክሹክታ «አባባ፣ አትንቀሳቀስ!» አለች።

«አይንቀሳቀሱ በይ» የሚለው እርማት ምላሴ ላይ መጣ። አፌን ዘጋሁ። አባቴ ከዘራቸውን እንዳነሡ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እሙዬ፣ ምን ታያለሽ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ወፍ።»

«ትልቅ ነው ትንሽ?»

«ትንሽ። እጄን ያህላል።»

«ጀርባው ምን ይመስላል?»

ትንሽ ዝም አለች። «አረንጓዴ… አይደለም። ቢጫ። እንደ… እንደ ማር።»

«ደረቱስ?»

«ነጭ ነው። ግን መስመር አለው። ብዙ መስመር፣ ወደ ታች።»

«ቀዩ የት ላይ ነው? ቀይ አለው?»

«አለው! ከራሱ ኋላ…» አለችና ቃሉ ጠፋት። በኋላ አባቴ እንደ ነገሩኝ እጇን ዘርግታ የእሳቸውን አንገት ከበስተ ኋላ ነካች። «እዚህ።»

«ማጅራቱ ላይ» አሉ አባቴ።

«ማጅራቱ ላይ» አለች። «ደግሞ ከጭራው በላይም ቀይ ነው።»

«እንግዲያው ወንድ ነው» አሉ። በዚያው ቅጽበት ወፉ ግንዱን ለቅቆ በእኔ በኩል በረረ። እኔ ያየሁት ከጭራው በላይ ያለችውን ቀይ ቀለም ብቻ ነው፤ እንደ ክብሪት ብልጭ ብላ ጠፋች።

ስንገናኝ ልጄ ፊቷ በርቶ ነበር። እኔ አሁንም ያ «አትንቀሳቀስ» በጆሮዬ ነበርና ቀስ ብዬ አባቴን «አንተ አለችዎት እኮ» አልኳቸው። አባቴም «ወፉ ግን አልሄደም፤ እኔም አልተንቀሳቀስኩም» አሉ። ነገሩ በዚህ አለቀ።

እንዴት እንለየዋለን?

ማታ ቤት ገብተን ከአሜሪካ ያመጣነውን የወፎች መጽሐፍ ገለጥን። አባቴ «እኛ ሁሉንም ግንደ ቆርቁር ነው የምንለው» አሉ። መጽሐፉ ግን በኢትዮጵያ ብዙ ዓይነት ግንደ ቆርቁር እንዳለ ያሳያል። ልጄ በደብተሯ የጻፈችውን እያነበበች አንድ በአንድ ሠረዝናቸው። እናንተም ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ።

በመጀመሪያ ደረቱን ተመልከቱ። ደረቱ ግራጫና ንጹሕ ከሆነ፣ ራሱም ግራጫ ከሆነ፣ ያ ግራጫው ግንደ ቆርቁር ነው። እሱም ከጭራው በላይ ቀይ ስላለው ብዙ ሰው ያሳስታል። የእኛ ወፍ ግን ደረቱ ላይ መስመር ነበረው፤ ስለዚህ እሱ አይደለም።

ደረቱ ላይ ያለው መስመር ሳይሆን ክብ ክብ ነጠብጣብ ከሆነ የኑቢያ ግንደ ቆርቁር ሊሆን ይችላል። ይህኛው የሚወደው ግራር ያለበትን ደረቅና ሞቃት አገር ነው፤ ወንዱና ሴቷም እየተቀባበሉ በኃይል ይጮኻሉ። እኛ ያለነው በደጋ ጫካ ነው፤ ነጠብጣብም አላየንም።

ሦስተኛው ካርዲናል ግንደ ቆርቁር ይባላል። ትንሽ ነው፤ ደረቱም መስመር አለው። ወንዱም ከራሱ ኋላ ቀይ ነው። ይህ በጣም ይመሳሰላል! ግን ጀርባው ላይ እንደ መሰላል የተደረደሩ አግድም መስመሮች አሉት፤ ከጭራው በላይም ቀይ አይደለም።

የቀረው አንድ ነው፦ የአቢሲኒያ ግንደ ቆርቁር። ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጀርባው ወርቅማ፣ ከጭራው በላይ ቀይ፣ ሆዱና ደረቱ ነጣ ብሎ ጥቁር መስመር የበዛበት፣ ጉንጩ ነጭና ቡናማ ነው። የወንዱ ማጅራት ቀይ ነው፤ የሴቷ ግን ቡናማ ነው። በዓለም ላይ የሚኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ለሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1814 ሲሆን፣ መግለጫው የወጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ስለ ኢትዮጵያ ጉዞው ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ልጄ መጀመሪያ «አረንጓዴ» ማለቷም ስሕተት አልነበረም። ወርቅማ ላባ በጥላ ውስጥ አረንጓዴ ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ማር ይሆናል። ለዚህ ነው ወፍ ስታዩ ፀሐይ ከጀርባችሁ እንድትሆን ማድረግ ያለባችሁ።

ዛፍ እንዴት ይወጣል?

ልጄ ሌላም ጥያቄ ነበራት፤ «ለምን አይወድቅም?» አለች። መልሱ እግሩና ጭራው ላይ ነው። የብዙዎቹ ወፎች እግር ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ጣት ወደ ኋላ አለው። የግንደ ቆርቁር ግን ሁለት ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ቅርፊቱን እንደ መቆንጠጫ ይይዛል። የጭራው ላባዎች ደግሞ ጠንካራ ናቸው፤ ግንዱ ላይ ተደግፎ እንደ ሦስተኛ እግር ይቆምባቸዋል። አባቴ ይህን ሲሰሙ «እንደ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነዋ! ወለሉ ቢጎረብጥም በርጩማው አይነቃነቅም» አሉ።

ምላሱም ያስገርማል። ከምንቃሩ አልፎ ወደ ጉድጓዱ ስለሚገባ ትሉን ጎትቶ ያወጣል። ምላሱን የሚደግፈው አጥንት ከጉሮሮ ተነሥቶ፣ በራስ ቅሉ ኋላ ዞሮ፣ እስከ አናቱ ይደርሳል።

ራሱን ለምን አያመውም? ብዙ ዘመን ሰዎች የራስ ቅሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ምቱን እንደሚያበርድ ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ተመራማሪዎች ሦስት ዓይነት ግንደ ቆርቁሮችን በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ሲመረምሩ ራሱ እንደ ስፖንጅ ሳይሆን እንደ ጠንካራ መዶሻ እንደሚሠራ አገኙ። ወፉን የሚያድነው የአንጎሉ ትንሽነት ነው፤ ትንሽና ቀላል አንጎል ምቱ ብዙ አይጎዳውም። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው «መዶሻህ ላይ ስፖንጅ ብታስር ምስማሩ ይገባል?» ብለው ሳቁ። ተመራማሪዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው፦ ራሱ ምቱን ቢያበርድ ኖሮ ወፉ እንጨት ለመቆርቆር ድካሙ ይበዛበት ነበር።

የሞተ ዛፍ ሥራ

ከጫካው ስንወጣ ልጄ አንድ ደረቅ ግንድ አይታ «ይሄ ለምን አይቆረጥም? ሞቷል» አለች።

አባቴ እጃቸውን ግንዱ ላይ አድርገው ዳበሱት። ጉድጓድ አገኙና የእሷን ጣት እዚያ ውስጥ አስገቡ። አፉ ክብና ለስላሳ ነበር። «ይህን እኔ በመሮ ብሠራው ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል» አሉ። «የሞተውን ዛፍ ስትቆርጪው ቤቱን ማፍረስሽ ነው።»

እውነት ነው። ግንደ ቆርቁር ጎጆውን የሚሠራው ግንድ ፈልፍሎ ነው፤ ነጭ እንቁላሎቹንም እዚያ ውስጥ ይጥላል። እሱ ሲለቅ ደግሞ ራሳቸው መቆፈር የማይችሉ ሌሎች ወፎች ይገቡበታል። ስለዚህ ደረቅ ዛፎች ሁሉ ለማገዶ ከተለቀሙ ግንደ ቆርቁሩ ብቻ ሳይሆን ተከራዮቹም ይቸገራሉ። እንጨት ለማገዶ የሚለቅሙትም የሚያበስሉበት ስለሌላቸው ነው፤ ነገሩ ቀላል አይደለም።

«ተቆርቋሪ» የሚለውን ቃል ያኔ ለልጄ አስታወስኳት። ስለ ጫካ የሚያስብ ሰው «ለጫካ ተቆርቋሪ» ይባላል። እሷም ትንሽ አሰበችና «አባባ ግንደ ተቆርቋሪ ነው» አለች። እንዲህ ያለ ቃል የለም። ግን አባቴ በጣም ስለ ወደዱት አሁን ለጎረቤት ሁሉ ይነግሩታል።

እናንተ ያላችሁበትስ?

አሜሪካ ያላችሁ ከቤታችሁ አጠገብ ዳውኒ ግንደ ቆርቁርን ማግኘት ትችላላችሁ። ትንሽ፣ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የወንዱ ራስ ኋላ ቀይ አለው። አውሮፓ ያላችሁ በከተማ መናፈሻ ውስጥ ሳይቀር ታላቁን ነጠብጣብ ግንደ ቆርቁር ታያላችሁ፤ እሱ ከጭራው በታች ቀይ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። በምዕራቡ የዐሲር ተራሮችና በየመን ተራሮች ብቻ የሚኖር የዓረቢያ ግንደ ቆርቁር አለ፤ በእነዚያ ተራሮች ላይ የሚበቅለውም ጥድ የእኛው የሐበሻ ጥድ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ግን ግንደ ቆርቁር ፈጽሞ የለም! እዚያ ግንድ የሚወጡት ትሪክሪፐር የሚባሉ ሌሎች ወፎች ናቸው።

ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና ባሉት ጫካዎችም ውድክሪፐር የሚባሉ ቡናማ ወፎች ግንድ ይወጣሉ። እነሱም ጠንካራ ጭራ አላቸው፤ ጣታቸው ግን እንደ ሌሎች ወፎች ሦስት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ግንድ ላይ የወጣ ወፍ ሁሉ ግንደ ቆርቁር አይደለም።

የትም ብትሆኑ ጎጆ ያለበትን ዛፍ አትምቱ፤ በስልክ የወፍ ድምፅ እያሰማችሁም አትጥሩት። ወፉ ጠላት የመጣበት ይመስለውና ሥራውን ትቶ ይጨነቃል።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ

አንድ ወፍ ፈልጉ። ከዚያ ለአያታችሁ ወይም አማርኛ ለሚችል ዘመድ ደውሉና ስሙን ሳትነግሩ ወፉን ግለጹለት፦ ትልቅ ነው ትንሽ? ጀርባው ምን ይመስላል? ደረቱስ? ቃል ቢጠፋችሁ «እንደ ማር» እንዳለችው አድርጉ። ትልልቆች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ እስኪጨርሱ አትሳቁ። ይህን የምለው መጀመሪያ ለራሴ ነው።

እኛ ቤት እሑድ እሑድ ስልኩ ሲደወል አሁን የሚቀድመኝ ሰው አለ። ባለፈው እሑድ ልጄ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ለአያቷ የኦክ ዛፉን ወፍ ስትገልጽ ሰማኋት። አባቴ እንደ ልማዳቸው «ቀዩ የት ላይ ነው?» ብለው ጠየቋት።

«ዛሬ ቀይ የለውም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ሴት ናት» አሉ።

ስልኩ ወደ እኔ የተመለሰው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው።

የሳምንቱ ቃላት

ግንድ፦ ከሥሩ እስከ ቅርንጫፉ ያለው ወፍራም የዛፍ አካል።
ቅርፊት፦ ግንዱን ከውጭ የሸፈነው ቆዳ።
ምንቃር፦ የወፍ አፍ።
ማጅራት፦ የአንገት የኋላ ክፍል።
አናት፦ የራስ የላይኛው ክፍል።
ነቀዘ፦ በትል ወይም በነፍሳት ተበልቶ ውስጡ ባዶ ሆነ።
መሮ፦ አናጢ እንጨት የሚፈለፍልበት ስለታም ብረት።
ሞራ፦ ዓይንን ሸፍኖ ማየት የሚከለክል ሕመም።
ዳበሰ፦ በእጁ ቀስ እያለ ነካ።
ተቆርቋሪ፦ ለሌላው የሚያስብና የሚጨነቅ።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ!